የቤዛ ምሳ በሰው ቤት

ኑ እስቲ ጠጋ በሉ። ጉዴን ሌላ ሰው አበላሽቶ ከሚያወራው እኔው አሳምሬ ላውራው። ድሬ ተወልጄ ድሬ ያረጀሁ ሴት ነኝ። ጉልበቴ ደክሟል፣ ዓይኔም ትንሽ ትንሽ፣ ከጥርሴም ግማሹ ጡረታ ወጥቷል። አፌ ግን አቦ ገና ሥራ ላይ ነው።

ነገሩ የልጅ ልጄ የቤዛ ምሳ ነው። ቤዛ አንደኛ ክፍል ናት። እናቷ ሰላማዊት የኔ ልጅ ናት፣ ቢሮ ነው የምትሠራው፤ ጠዋት ወጥታ ማታ ትገባለች። አባትየው የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው፤ ቤት ሲመጣ ውሻው ራሱ ይጮህበታል። እንግዲህ ቤዛ ከትምህርት ቤት ከወጣችበት እስከ ማታ የኔ ናት። ሌላው ሰው ከሰዓት በሙቀቱ ይተኛል፣ ጫት የሚቅመው ይቅማል፤ እኔ ከቤዛ ጋር እጨቃጨቃለሁ። ጸጉሯን ስሠራላት ትሰድበኛለች፣ እኔም እሰድባታለሁ፣ ከዛ ሁለታችንም በሳቅ እንወድቃለን። ኑሮዬ ይኼ ነው። ሌላ የለኝም። ይኼን ያዙልኝ፣ ሊወስዱብኝ ነበርና።

ልጄ ሰላማዊት ስልኳ ውስጥ አንዲት ሴትዮ አለች። ነጭ ኩሽና ውስጥ ቆማ ስለ ሕፃናት ምግብ ታወራለች። ጨው ቀንሱ ትላለች፣ ዘይት ተዉ ትላለች፣ በርበሬማ በሩቁ። አንድ ቀን ጠጋ ብዬ አየኋት፤ ራሷ በልታ የምታውቅ አትመስልም። ልጄ ግን አመነቻት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን ሁሉ ነገር ተቀቀለ። ካሮት ተቀቀለ፣ ድንች ተቀቀለ፣ ዶሮ ተቀቀለ። ያልተቀቀልኩት እኔ ብቻ ቀረሁ፤ እኔን ደግሞ የድሬ ፀሐይ ትቀቅለኛለች።

ምሳ ዕቃ ደግሞ ከታይዋን ገበያ ገዛችላት። ባለ አራት ክፍል! እኔ ልጆቼን በሙሉ ያሳደግኩት በአንድ ክፍል ነው። እዚህ ግን ካሮት ለብቻው ክፍል አለው፣ እንቁላል ለብቻው፣ ሙዝ ለብቻው፤ አራተኛው ክፍል ባዶውን ይውላል። ቢያከራዩት እላለሁ ሳየው።

ትምህርት ቤቱ ደግሞ የባሰ ነው። የግቢው ግድግዳ ላይ ትልቅ ካሮት ተስሏል፣ እጅና እግር ያለው፣ የሚስቅ። ከሥሩ ጽሑፍ አለ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ቤዛ ስታነብልኝ «አትክልት ጤና ነው» ይላል አለችኝ። ደስ አለኝ። ቀና ብዬ ካሮቱን አየሁ፣ ዝቅ ስል ከካሮቱ እግር ሥር የትምህርት ቤቱ ሱቅ ነው። ሱቁ ውስጥ ካሮት የለም። ችፕስ፣ ከረሜላ፣ ለስላሳ። ከበሩ ውጪ ደግሞ ባለ ቀለም በረዶ በላስቲክ የሚሸጥ ሰውዬ አለ፤ ልጆቹ ሲወጡ ግማሹ ምላሱ አረንጓዴ፣ ግማሹ ቀይ ነው። ካሮቱ ከላይ ሆኖ ይስቃል። እኔም ብሆን እስቃለሁ።

ቤዛ ቤት ስትመጣ ምሳ አትበላም። እዚህ ላይ ነው ጉዱ የጀመረው።

«እማዬ፣ ዛሬም አልበላችም?» ትላለች ሰላማዊት ማታ፣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ።

«ቀምሳለች።»

«ምኑን?»

«ሽታውን።»

«አቦ አትቀልጂብኝ! ልጄ ዓይኔ እያየ እየከሳች ነው። ሳቢያን ሰፈር ሙሉ ቀን የሚያስተምር ትምህርት ቤት አለ፣ ምሳም እዛው ያበላል። ካልተሻላት እዛ ነው የማስገባት። ጠዋት ከኔ ጋር ትወጣለች፣ ማታ ከኔ ጋር ትገባለች።»

«እኔስ?»

«አንቺማ ታርፊያለሽ።»

ታርፊያለሽ! በዚህ ዕድሜዬ ሰው ታርፊያለሽ ሲለኝ የት ሊያሳርፈኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ያን ቀን ማታ ሳቅኩኝ፣ ጓዳ ገብቼ ግን ከሰዓቱን ያለ ቤዛ አሰብኩት። ግድግዳውን ልስደበው?

በነጋታው ሥራ ጀመርኩ። መጀመሪያ ማንኪያውን ባጃጅ አደረግኩት። «ባጃጅ መጣች፣ ጲጵ፣ ጲጵ፣ በሩን ክፈቺ!» በሩ አልተከፈተም። ባጃጇ ካሮቷን ጭና ዞራ ተመለሰች። ከዛ አስፈራራሁ።

«ካልበላሽ ጅብ ይመጣል!»

«ይምጣ፣ ካሮቱን ይብላልሽ።»

ከዛ ደግሞ በምሳሌ ላሳያት ብዬ ፊቷ እየበላሁ «እምምም፣ ሲጣፍጥ!» ማለት ጀመርኩ። ቤዛ አገጯን በእጇ ደግፋ ታየኛለች። «ጎበዝ እማማ፣ ጨርሺው» ትለኛለች። ጨረስኩት። በየቀኑ ጨረስኩት። ሳምንት ሳይሞላኝ ቀሚሴ ጎኔ ላይ ጠበበ። ልጅቷ ትወፍራለች ሲባል እኔ ወፈርኩ።

የሆድ ትል ነው ብዬ የዱባ ፍሬ ቆላሁላት። የዱባውን ፍሬ በላች፣ ካሮቱን ተወች። ዓይን ነው ብዬ ደግሞ ማን በዓይኑ እንዳየብኝ ሳስብ፣ የሰፈሩን ሰው አንድ በአንድ ጠርጥሬ ጨረስኩ። የበረዶ ሻጩን ሳይቀር። መጨረሻ ላይ እጇን ይዤ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት።

ነርሷ ከመሐል አገር የመጣች ልጅ ናት። «እርስዎ ነዎት የሚያሳድጓት?» አለችኝ። እዚህ ድሬ ትልቁንም ትንሹንም አንተ አንቺ ነው የምንለው። እኔን ሰው «እርስዎ» የሚለኝ ወይ ከቀበሌ ሲመጣ ነው ወይ መጥፎ ወሬ ሲይዝ።

መዘነቻት፣ ጣቷን ወጋቻት፣ አፏን ከፍታ አየች።

«ክብደቷ ደህና ነው። ደሟ ግን ትንሽ አነስ ብሏል። ሁለት ጥርሷም ተበልቷል። ምንድን ነው የምትበላው?»

«ምንም።»

«ምንም በልቶ እንዲህ የሚመዝን ልጅ አላየሁም እናቴ» አለች ነርሷ፣ እየሳቀች። «የሆነ ቦታ የሆነ ነገር ትበላለች። ጥርሷን ሳየው ጣፋጭ ነው፣ ሻይም ሳይኖርበት አይቀርም። ሻይ ከምግብ ጋር አይስጧት፣ ደሟን ይጎዳዋል። ምስር፣ ጎመን፣ እንቁላል ትብላ፣ ከላዩ ብርቱካን ወይ ማንጎ። ከወር በኋላ መልሰው ያምጡልኝ፣ ደሟን እናየዋለን።»

ቤዛን ዞሬ አየኋት። ቤዛ ጣሪያውን አየች።

ማታ ለሰላማዊት የቤዛ ደም ማነሱን ስነግራት እንባዋ መጣ። «በቃ፣ እስከ ቀጠሮዋ ነው የምታገሠው። ያን ቀን ካልተስተካከለ ሳቢያን ነው» አለች። ወር ሰጠችኝ ማለት ነው። ለመንግሥት ሥራ እንኳ የማይበቃ ጊዜ ነው፤ ቢሆንም ተቀበልኩ።

በዛው ሰሞን ምን እንደነካቸው እንጃ፣ ጎረቤቶቼ በጣም ወደዱኝ። እውነቴን ነው። አንድ ቀን ከፋጡማ ቤት አንድ ሰሐን ገንፎ ይመጣል፣ በማግስቱ ከሐዋ ቤት ሩዝ፣ ሙሴ ጌታቸው ደግሞ ዳቦ በወረቀት ጠቅልሎ በራሱ እጅ ያመጣልኛል። እነዚህን ሦስቱን ላስተዋውቃችሁ። ፋጡማ የጀልዴሳ ኦሮሞ ናት፣ ወተት ትሸጣለች። ሐዋ ሶማሌ ናት፣ መንገዱ ጫፍ ላይ ሱቅ አላት፣ እኔና እሷ አብረን ነው ያረጀነው። ሙሴ ጌታቸው የባቡር ጡረተኛ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው፣ እስከ ዛሬ ፈረንሳይኛውን አልተወም። ሙሴ የምንለውም ለዚሁ ነው፣ በፈረንጁ አቶ እንደማለት። ወደዱኝ ብዬ ኮራሁ። በመስታወት ራሴን ሁሉ አየሁ።

የመጣ ሰሐን ደግሞ በኛ ሰፈር ባዶውን አይመለስም፤ ነውር ነው። እቤት ያለው የተቀቀለ ካሮት ነው። በየሰሐኑ ካሮት እያደረግኩ መለስኩላቸው። ጨው የሌለው። ዘይት የሌለው። አመሰገኑ። አስተያየታቸው ግን ትንሽ የሐዘን ዓይነት ነበር። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ነርሷ «የሆነ ቦታ ትበላለች» ያለችው ነገር ሲከነክነኝ አንድ ቀን ልሰልላት ተነሣሁ። የሰላማዊትን ጥቁር መነጽር አደረግኩ፣ ጃንጥላ ዘረጋሁ፣ ትምህርት ቤቱ በር ማዶ ዛፍ ሥር ቆምኩ። መነጽሩ ቀኑን አጨለመብኝ። አንዷን ሴት ረግጫት «ውይ፣ ይቅርታ እህቴ» ብዬ ጎንበስ ስል ፍየል ናት።

ልጆቹ ወጡ። ቤዛ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ምሳ ዕቃዋን ከፍታ ካሮቱን በሙሉ ለክፍሏ ልጅ መስጠት ነው። ያቺ ልጅ እቤቷ ጥንቸል ታረባለች። ያን ሁሉ ጊዜ ሰላማዊት ከገበያ እየመረጠች የምትገዛውን ካሮት የሚበላው ጥንቸል ነበር ማለት ነው። እነዚያን ጥንቸሎች በኋላ ሄጄ አየኋቸው፤ አንዱ ብቻ በግ ያክላል። አስተማሪዋ ታዲያ ጠዋት ምሳ ዕቃ ስታይ ካሮት ላመጣ ልጅ ግንባሩ ላይ ኮከብ ትለጥፋለች። ቤዛ ኮከቧን ለጥፋ፣ ካሮቷን ለጥንቸል ሸኝታ፣ ቀይ በረዶ ገዝታ እየመጠጠች መንገድ ጀመረች። እኔ ከኋላ።

ሰፈራችን ስትደርስ የፋጡማ በር ተከፈተ። «ኮቱ ቤዛ! ኛዹ!» ገባች። ወተት ሻይ ጠጥታ፣ አፏን በእጇ ጠርጋ ወጣች። የፋጡማን ሻይ የማያውቅ ሰው ካለ፣ ስኳሩ ማንኪያ ያቆማል። ትንሽ እልፍ እንዳለች ሙሴ ጌታቸው በረንዳው ላይ ተነሥቶ እጁን ዘረጋ። «ማንዥ፣ ማንዥ የኔ ልዕልት!» ዳቦ በማርመላታ፣ ከዛ ደግሞ ሌላ ሻይ። ከዛ የሐዋ ቤት። «ካላይ፣ ካላይ! ዑን!» ይቺ ልጅ በእንግሊዝኛ ስሟን ስትጠየቅ ታፍራለች፤ «ብዪ» የሚለውን ግን በአራት ቋንቋ አጥርታ ታውቃለች።

በሐዋ መስኮት ሥር ጃንጥላዬን አጥፌ ተቀመጥኩ። መጋረጃው በነፋስ ገለጥ ይላል። የሐዋ የልጅ ልጆች፣ እነ አብዲ፣ አንድ ትልቅ ሰሐን ከበዋል፤ ሩዝ ነው፣ ከጎኑ ሙዝ፣ ለጥቆም ጣፋጩ ሐልዋ ተዘጋጅቷል። ቤዛ መሐላቸው ተሰክታ እጇ አያርፍም። ያ ባጃጅ የማያስገባ አፍ! ባቡር ይገባበታል።

«ዛሬስ አያትሽ ምሳ ሠራች?» አለች ሐዋ።

«አልሠራችም» አለች ቤዛ፣ እየጎረሰች።

«ወይኔ! ምን ሆና?»

«ድስቱን ጣደችና ረሳችው። ከዛ ተኛች።»

«መስኪን! ያ ሁሉ ሞያ!»

«አይፈረድባትም። አርጅታለች።»

እኔ! ሰርግ ሲኖር ድስት እንዳይ በመኪና የምወሰደው እኔ! ተነሥቼ በሩን በጃንጥላው ገፍቼ ገባሁ።

«አሰላሙ አለይኩም!»

ቤዛ እጇ ከሰሐኑና ከአፏ መሐል አየር ላይ ቀረ። ሐዋ መጀመሪያ ያየችው መነጽሬን ነው።

«አባዮ!» አለች ደንግጣ፣ እህቴ ማለቷ ነው። «ዓይንሽ ጭራሽ ጠፋ እንዴ? ማን አመጣሽ?»

«ዓይኔ አንቺን ለማየት ይበቃል! ማነው ድስት ረሳ ያለው?»

«ኧረ ተቀመጪ፣ ደም ብዛትሽ እንዳይነሣ። እኛኮ ለሰው አላወራንም፤ ለፋጡማና ለሙሴ ብቻ ነው የነገርኩት። ተራ ገብተን ሰሐን ስንልክልሽ ከረምን። መጀመሪያ ልጅቷን አላመንናትም ነበር፣ ወላሂ! ከዛ ካሮቱን ላክሽልን።»

«ካሮቱ ምን ሆነ?»

«ጨው የለው! ዘይት የለው! አንቺ ነሽ ይኼን የሠራሽው? ፋጡማ አንዴ ቀምሳ አለቀሰች። ሙሴ ደግሞ ምን አለ መሰለሽ፣ ‹ጭንቅላቷ ሄዷል፣ ሚስቴም እንዲህ ነው የጀመራት› አለ።»

ለካ የወደዱኝ አይደለም። ለካ ቀብሬን እያዘጋጁ ነው! እዛው ሰሐኑ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና ሳቅ ጀመረኝ። ሐዋም ጀመራት። ሁለት አሮጊት ወለል ላይ ተቀምጠን እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ቤዛ ጊዜው የተመቻት መስሏት ሐልዋውን አንዴ ላፍ አደረገች።

እቤት ይዣት ስገባ በሩን ዘጋሁ።

«ነይ እዚህ፣ አንቺ ቀጣፊ! ለምንድን ነው አያትሽን የምታዋርጂው?»

አንገቷን ደፋች። ከዛ ቀና አለች። «እማማ፣ እዚህ አንቺና ማሚ አፌን እንደ ቲቪ ታዩታላችሁ። ብዪ፣ አኝኪ፣ ዋጪ፣ ይቺን ብቻ። እዛ ማንም አያየኝም። እዛ ቶሎ ካልበላሁ እነ አብዲ ይጨርሱብኛል።»

እውነቷን ነው፤ እኛ ቤት ብቻዋን ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ አንድ ሰሐን፣ ሁለት ጠባቂ። እንዲህ ሆኖ የበላ ሰው እስረኛ ብቻ ነው።

እንግዲህ አስቡት። ጎረቤቶቼን «ልጄን አታብሉብኝ» ልበላቸው? በኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው እጃችሁን ተጸየፍኩ እንዳለ ነው የሚቆጠረው፤ ከዛ በኋላ ለቅሶው ላይ እንኳ ሰው አይመጣለትም። ሐዋኮ ሥጋ ስትሠራ ሥጋው ሳይገባበት ለቤዛ አስቀድማ ለብቻዋ ታወጣላታለች፤ ረቡዕና ዓርብም እንቁላል እንዳትነካ እኔ ሳልነግራት ትከለክላታለች። እንዴት ብዬ ነው እቺን ሴት ተይ የምላት? ለሰላማዊት ብናገር ደግሞ በማግስቱ ሳቢያን ነው። ዝም ብልም ቀጠሮው ይደርስና ሳቢያን ነው።

በጠዋት ሐዋ ሱቅ ሄድኩ።

«ሐዋ፣ ቤዛ የኔን ምግብ እኔ ቤት አትበላም። የኔን ምግብ አንቺ ቤት ብትበላስ?»

ሐዋ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት የሱቁን ጠረጴዛ በጥፊ መታችው። «አንቺ ሴትዮ ሰይጣን ነሽ!» አለች፣ በፍቅር።

በዚህ ተስማማን። እኔ ጠዋት እሠራለሁ፣ ነርሷ ያለችውን በኔ አሠራር። ስልክ ውስጥ ያለችውን ሴትዮ አላማከርኳትም። ምስሩ በጨው፣ በትንሽ ዘይት፣ መጨረሻ ላይ ኮረሪማ ጣል አድርጌበት። ጎመኑ በነጭ ሽንኩርት። ከዛ ልጆቹ ሳይለቀቁ በድስት ይዤ በጓሮ በኩል አድላለሁ፤ ለፋጡማ ጎመንና እንቁላል፣ ለሐዋ ምስር በሩዝ፣ ለሙሴ ማንጎና ብርቱካን ተልጦ። ሻይ የለም፣ ሐልዋ ለዓርብ ብቻ። እያንዳንዳቸው ቤዛ ስትመጣ በራሳቸው ቋንቋ «ብዪ» ይላሉ፣ እኔ የለሁበትም።

መጀመሪያ ቀን ተበላሸ። ሙሴ ጌታቸው ማንጎውን ቤዛ ሳትደርስ ጨረሰው። «ምን ላድርግ፣ ተልጦ የቀረበልኝ ሚስቴ ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው» አለኝ። እንዴት ትቆጡታላችሁ? ለሱም ለብቻው መላጥ ጀመርኩ። ሁለተኛ ቀን እነ አብዲ ምስሩን ወደዱትና የጎረቤት ልጅ ጠሩ፣ ሦስተኛ ቀን የጎረቤቱ ልጅ እህቱን ይዞ መጣ። ትልቁን ድስት አወረድኩ። በር ላይ በረዶ የሚሸጠው ሰውዬ ሳይቀር «እናቴ፣ ልጆቹ ምን ነካቸው፣ እየሮጡ ያልፉኛል» አለኝ። ምስር ነው የነካቸው ብዬ ላስረዳው?

ሰላማዊት ማታ ጓዳ ገብታ የምስሩን ከረጢት ታያለች። «እማዬ፣ ምስሩ የት ነው የሚሄደው?»

«ነቀዝ።»

«ነቀዝ ነው ሽንኩርቱንም የሚበላው?»

«የዘንድሮ ነቀዝ አትጠይቂኝ።»

እኔ ቤት እንግዲህ የተቀቀለው ካሮት እንደተለመደው ይቀርባል። ቤዛ እንደተለመደው አትበላም። ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ግን ሌላ ነው። ከሐዋ ቤት ተመልሳ ጭኔ ላይ ጋደም ትልና ሆዷን እየዳበሰች፣ «እማማ፣ የሐዋ ምስርኮ ልዩ ነው» ትለኛለች። «አንቺም ብትችይ ጥሩ ነበር።»

ብትችይ! ጥርሴን ነከስኩ፣ ያለችኝን። «የሐዋ እጅ ነው» አልኩ። እንዲህ ብዬ ስናገር ምላሴ ላይ ምን እንደሚሰማኝ እግዜር ብቻ ያውቃል።

ቀጠሮው ደረሰ። ሰላማዊት ከሥራ አስፈቅዳ ከኛ ጋር መጣች። መንገዱን በሙሉ ባጃጅ ውስጥ ጮክ ብዬ ስጸልይ ሄድኩ፤ ሹፌሩ ሁለቴ ዞሮ አየኝ። ነርሷ የቤዛን ጣት ወጋች፣ ጠበቅን።

«እሰይ!» አለች ነርሷ። «ደሟ ተስተካክሏል። እናቴ፣ ምን አበሏት?»

አፌን ስከፍት ቤዛ ቀደመችኝ። «የሐዋን ምስር! የፋጡማን ጎመን! የሙሴን ማንጎ!»

ሰላማዊት ቀስ ብላ ወደኔ ዞረች። ባጃጁ ሰፈራችን ጋ ሲቆም ቤት አልገባችም፤ ቀጥታ ሐዋ ቤት። እኔ በዝግታ ከኋላ። ጉልበቴ የደከመው ያን ቀን ነው የጠቀመኝ።

ስደርስ ሰላማዊት ከሰሐኑ ጫፍ አንድ ጉርሻ አንሥታ አፏ ውስጥ አድርጋለች። ሐዋ እንደ ሌባ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ሰላማዊት አኘከች። ቆመች። እንደገና አኘከች። ይቺ ልጅ ምግብ መብላት የጀመረችው በኔ እጅ ነው፤ ኮረሪማውን ገና ምላሷ ላይ ሲያርፍ ነው ያወቀችው። ዓይኗን አነሣች። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«ሐዋ» አለች፣ ሳቋን በጉንጯ ይዛ፣ «ይኼን ምስር እንዴት አድርገሽ ነው የምትሠሪው?»

«እ... ምስር ወስጄ...» አለች ሐዋ።

ሰላማዊት ልጆቹን አየች። ሰሐኑን ከበው ይሻማሉ፣ ቤዛ መሐላቸው እስከ ክርኗ ምስር ሆናለች። ቢሮ ስትውል ይኼን አይታ አታውቅም። ዓይኗ ትንሽ ራሰ፣ ቶሎ ብላ አበሰችው።

«ሳቢያን ምን ያደርጋል» አለች ቀስ ብላ። «እዛ እንዲህ አትበላም።»

እልል ልል አፌን ስከፍት እጇን አነሣችብኝ። የኔ ልጅ እኮ ናት፣ ተንኮሉ ከየት ይቀራል።

«ግን እማዬ፣ አንድ ነገር አለ። ልጄ እቤቷም እንዲህ ያለ ምስር ትፈልጋለች። አይደል ቤዛ? እማማ ከሐዋ ትማር?»

«አዎ! አዎ!» አለች ቤዛ፣ እየዘለለች። «እኔ አያታለሁ!»

ይኸውና በማግስቱ ጀምሬያለሁ። ከሰዓት በኋላ ሐዋ ኩሽና ውስጥ በርጩማ ላይ ቁጭ እላለሁ፣ ቤዛ በሩ ላይ እጇን አጣምራ ትቆማለች። ሐዋ በሕይወቷ እንደዚህ ተደስታ አታውቅም።

«ሽንኩርቱን ቀስ አድርገሽ አቁላዪው አባዮ! ይኼኔ ነው የምታሳርሪው!»

«እሺ ሐዋ።»

«ኮረሪማውን አሁን አይደለም፣ መጨረሻ ላይ! ስንቴ ልንገርሽ?»

«እሺ ሐዋ።» ቆይ ብቻ ከዚህ ልውጣ፣ አሳይሻለሁ እላለሁ በሆዴ።

ትናንት ምስሩ ሲወርድ ቤዛ ማንኪያ አመጣች። ቀመሰች፣ ዓይኗን ጨፍና ትንሽ አሰበች።

«ተሻሽለሻል እማማ» አለችኝ። «ነገ ግን ትደግሚዋለሽ።»